የሁለተኛው ወቅት ቆጠራ

ወሰንየለሽ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት መሳለሚያ አጠገብ በሚገኝ የዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት ሱቅ ተቀጠረች። ተቀጠረች ይባል እንጂ በመጀመሪያ የተፈለገችው እሷ ሳትሆን ዲፕሎማዋ ነበር። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል ተብሎ ቁጥጥር ሲጠብቅ፣ ሱቁን ከአባቷ የወረሰችው ሱሀይር ሰው ታፈላልግ ነበር። የወሰንየለሽ ታናሽ እህት ሐመልማል እህል በረንዳ ጤፍ ስለምትነግድ ሱሀይርን ታውቃታለች። «እህቴ አለች» አለቻት፤ «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ከተባይ ጋር ነው የኖረችው።»

ሱሀይር ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለች በኋላ፣ «እትዬ፣ ከፈለጉ እቤትዎ መሆን ይችላሉ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ» ብላት ነበር። ወሰንየለሽ ግን በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት መጣች። ቤት መዋል ጠልታ አይደለም፤ ሱቅ መዋልም ወዳ አይደለም። ጠዋት ተነስቶ ወደ ሆነ ቦታ መሄድ የለመደ ሰውነት ስለነበራት ነው።

ወንበሯን በሩ ጥግ አደረገች። ከፊቷ ቀኑን ሙሉ ኩንታል የተሸከሙ ወዛደሮች «ዞር! ዞር!» እያሉ ያልፋሉ። አላፊ አግዳሚው ይጋፋል፣ ይሰዳደባል፣ ይስቃል። እሷ ታያለች። ገበሬ ሲገባ ሱሀይር ታስተናግዳለች፤ ወሰንየለሽ ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያ እየለየች ታወርዳለች።

በገባች በሳምንቱ ከጎረቤት ሻይ መጣላቸው። ሱሀይር የራሷን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ወሰንየለሽ ግን በመዳፏ ሙሉ ጨብጣው ትጠጣለች።

«እትዬ! አያቃጥልዎትም?»

ወሰንየለሽ እጇን ተመለከተች። «አይሰማኝም» አለች።

«እንዴት አይሰማዎትም?»

«ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ቆይቷል።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሀይር ሻዩን ቀዝቀዝ አድርጋ ነበር የምትሰጣት።

በ1977 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጅ ስትመረቅ የተመደበችው ቆላ ወዳለ የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ ነበር። የመርካቶ ልጅ ናት፤ ብርቱካን የምታውቀው በሳጥን ተደርድሮ እንጂ ዛፍ ላይ አልነበረም። በመደብ መጠሪያዋ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ትባል እንጂ ሥራዋ መቁጠር ነበር። ፀሐዩ ሳይበረታ ከእያንዳንዱ ዛፍ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ስድስት ስድስት ቅጠል ትቀነጥሳለች። በወረቀት ከረጢት አሽጋ ቁጥር ትጽፍበታለች። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የተባዩን እንቁላል ለብቻ፣ በሕይወት ያለውን እጭ ለብቻ፣ የሞተውን ለብቻ ትቆጥራለች። ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ደብተር ትጀምራለች።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መርጨቱም የእሷ ሥራ ነበር። ጓንት በጀት ተይዞለታል ይባላል እንጂ መጋዘን ውስጥ አይገኝም። መድኃኒቱን በርሜል ውስጥ በዱላ ያማስሉታል፤ ዱላው ሲጠፋ በእጅ። ነፋስ ዞሮ ፊቷ ላይ ሲያርፍ በነጠላዋ ትጠርገዋለች። ሲመሽ በሳሙና ትታጠባለች፤ በቃ። አርባ ዓመት ሲሞላት አካባቢ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሸተታት። ተነስታ ልትፈልግ ስትል የአልኮል መብራቱ ላይ የራሷን ጣት አየች።

ሐኪም ቫይታሚን አዘዘላት። ከምን እንደመጣ ማንም በእርግጠኝነት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። እርሳሱ በጣቶቿ መሃል መኖሩ ስለማይሰማት ጠበቅ አድርጋ መያዝ ለመደች፤ ጽሕፈቷም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። ጣቢያው ውስጥ «ወሰንየለሽ አትቆጣም» ይሏት ነበር። እውነት ነው፣ አትቆጣም። አትስቅምም። የምርምር ጽሑፎቹ ሲታተሙ መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል ለቴክኒክ ሠራተኞች ምስጋና ይሰፍራል፤ የማንም ስም አይጠቀስም። ያንን ታነብና ገጹን ትገልጣለች።

ሱቅ ከገባች በአምስተኛው ወር ገደማ፣ ቶላ የሚባል ገበሬ ከአዋሽ ወዲያ ማዶ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። በፌስታል ቅጠል ይዟል። «ለዚህ የሚሆን ጠንካራ መድኃኒት ስጡኝ» ብሎ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። የብርቱካን ቅጠል ነው። ጀርባው ጥጥ የተለጠፈበት ይመስላል።

ሱሀይር አንድ ጠርሙስ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ወሰንየለሽ ከወንበሯ ተነሳች። ማጉያ መነፅሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ቅጠሉን በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ወሰደችው። ረጅም ጊዜ አየች።

«ስንት ጊዜ ረጨህ?»

«ዘንድሮ ብቻ ስድስት ጊዜ።»

«ስትረጭስ?»

«መጀመሪያ ይቀንሳል። በወሩ ብሶበት ይመጣል። ስልሳ ዛፍ ነው ያለኝ እናቴ፤ ሃያው ፍሬ ማፍራት ትቷል።»

«ናማ፣ እየው» ብላ መነፅሩን ሰጠችው። «እዚህ ጥጡ ሥር ቅርፊት የመሰለ ነገር አለ፤ አየኸው? ነጭ ዝንብ ናት፤ ልጅ ሆና ነው እንደዚህ የምትጣበቀው። አሁን ይችኛዋን እይ። ጀርባዋ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ።»

«አየሁት።»

«ከውስጥ በልታት የወጣች ተርብ አለች። የቁንጫ ሩብ አታክልም። እሷ ያንተ ወገን ናት። ስትረጭ የምትሞተው እሷ ናት፤ ነጭ ዝንቧ ጥጧን ለብሳ ትተርፋለች። ስድስት ጊዜ ረጭተህም ተርቧ ጨርሳ አልጠፋችም። መርጨቱን ተው። የባሰበትን ቅርንጫፍ ቆርጠህ አቃጥል። ሌላውን በሳሙና ውሃ እጠበው። ጉንዳን ደግሞ ግንዱ ላይ እንዳይወጣ ከልክል፤ ተርቧን የሚያባርርባት ጉንዳን ነው።»

ቶላ መነፅሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ አንድ የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀስ ብቻ ገዝቶ ሄደ።

ሱሀይር ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰች። «እትዬ፣» አለች፣ «እኛ እኮ መድኃኒት ነው የምንሸጠው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ሁሉ እንደዚህ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሱቁን ልዘጋው ነው?»

«ለሌላው የሚሆነውን እነግርሻለሁ። ለዚህኛው ግን አይሆንም። ቆጥሬዋለሁ።»

ሱሀይር በንዴት ሳቀች። «ቆጥሬዋለሁ! እሺ፣ ነገ ሳሙና እናስመጣና እንሽጥ።» ደግሞ በሳምንቱ እውነትም አስመጣች።

ዶክተር ኪዳነ ማርያም የመጡት ጥር ላይ ነው። ባርኔጣ አድርገዋል፤ በክንዳቸው ፋይል ይዘዋል፤ እግራቸውን እያዩ ነው የሚራመዱት። በሩ ላይ ቆመው «ወሰኔ!» ሲሉ ወሰንየለሽ ከመደርደሪያው ሥር ነበረች። ከጣቢያው ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አለቃዋ ነበሩ።

«ዶክተር» ብላ ተነሳች። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ወንበሯን ሰጠቻቸው። ሱሀይር ሌላ ወንበር አመጣች።

ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ከጣቢያው ስለሞቱ ሰዎች አወሩ። ከዚያ ዶክተሩ ፋይሉን ከፈቱ። አሁን የአንድ መድኃኒት አስመጪ አማካሪ ናቸው። አስመጪው ለብርቱካን የሚሆን መድኃኒት ሊያስገባ ነው፤ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ውስጡ በ2006ና በ2007 ጣቢያው ላይ የሞከሩት ነው።

«አራተኛው መደዳ» አለች ወሰንየለሽ።

«እሱ ራሱ። አየሽ፣ አልረሳሽም። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፣ የቆጠራውን መዝገብ አምጡ አለን። ላቦራቶሪው ሲታደስ ወረቀቱን ሁሉ ጥለውታል። ደብተሮቹን አንቺ ይዘሻቸው እንደሄድሽ ነገሩኝ።»

«ሊያቃጥሏቸው ሲሉ ወሰድኳቸው።»

«ተባረኪ። የመጀመሪያውን ወቅት ገልብጠሽ፣ ቆጠራውን እኔ አከናውኛለሁ ብለሽ ትፈርሚልኛለሽ። ይኸው ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ተበላሽቷል። ዝናብ አጠበው። ሪፖርቱም እንደዚያ ይላል።»

 «ዝናብ አልነበረም» አለች ወሰንየለሽ ድምፅዋን ሳትቀይር። «ድርቅ ነበር። በቦቴ ውሃ እያመጣን ነው ዛፎቹን ያተረፍናቸው።»

ሱሀይር ደረሰኝ የምትጽፍ መስላ ታዳምጣለች።

«ወሰኔ፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈው እኮ።»

«አስር ሊሆነው ነው። ደብተሩን ልይና ነገ እነግርዎታለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ሄደች። ከእህቷ ጋር የምትኖረው እህል በረንዳ ጀርባ፣ አባታቸው በተወላቸው የቀበሌ ቤት ነው። ከአልጋዋ ሥር ካርቶኑን ሳበች። የ2007ን ደብተር አገኘችው። የራሷ ትልልቅ ጽሕፈት ነው። አራተኛው መደዳ፣ ግንቦት፣ በአንድ ቅጠል በአማካይ ዘጠኝ እጭ። ሰኔ፣ ሃያ ሦስት። ሐምሌ፣ ስልሳ አንድ። አጠገቡ ምንም ያልተረጨው መደዳ ሐምሌ ላይ አሥራ ሰባት ነው። በተርቦቹ ዓምድ ሥር፣ በተረጨው መደዳ፣ ከላይ እስከ ታች ዜሮ።

ሰኔ ውስጥ የሦስት ቀን ክፍተት አለ። እናታቸው የተቀበሩት ያን ጊዜ ነው።

ሐመልማል ከገበያ ስትመለስ ደብተሩ እግሯ ላይ ተከፍቶ አገኘቻት። አንገቷን አስግጋ ቀኖቹን አነበበች። «የእማዬ ሰሞን ነው?» አለች።

«አዎ።»

«በሦስተኛው ቀን ነው ጥለሽኝ የሄድሽው። ድንኳኑ ሳይነሳ።»

«ቅጠሉ ጊዜው ያልፍ ነበር።»

«አላለቀስሽም እኮ፣ ወሰንዬ። ሰው ሁሉ አንቺን ነበር የሚያየው። እኔ ነበርኩ ያፈርኩልሽ።»

 ወሰንየለሽ ያን ጊዜ ለማልቀስ ሞክራ ነበር፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጠበቀች፣ አልመጣም። ያንን ለእህቷ መንገር አሰበች። ነገር ግን ሐመልማል ራት ልትሠራ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። ወሰንየለሽ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወጣች፤ የሁለቱንም ወቅት ገጾች በሙሉ በሁለት ቅጂ አስገለበጠች።

በማግስቱ ዶክተሩ በአራት ሰዓት መጥተው ተቀመጡ። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ሲገልጡ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሁለቱንም ነው ያደረግሽው።»

«ሁለቱንም እፈርማለሁ። አንዱን ለብቻው ግን አልፈርምም።»

«ይሄ ሐምሌ ከገባ እኮ መድኃኒቱ አለቀለት! እኔም አለቀልኝ። ሌላ ሥራ እኮ የለኝም፣ ወሰኔ።»

«ገበሬው ሲረጨው ተርቧን ይጨርሳታል። ያን ጊዜም ነግሬዎታለሁ።»

«ነገርሽኝ? መቼ?»

«ሐምሌ መጨረሻ፣ ቢሮዎ መጥቼ። ‹ተይልኝ፣ እኔ አየዋለሁ› አሉኝ። ተውኩልዎ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ቆጣሪ ነበርሽ እኮ!»

ሱሀይር ከባንኮኒው ወዲያ ቀና አለች። «ጋሼ፣ በሥርዓት!» አለች። ወሰንየለሽ ግን እጇን በቀስታ አንስታ አስቆመቻት።

«አዎ፣» አለች፣ «ቆጣሪ ነበርኩ።»

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በሩ ተራመዱ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። ግራ ጫማቸው ወልቆ ወንበሩ ሥር ቀርቷል። በካልሲ ነው የሚሄዱት፤ አላወቁም። ደፉ ላይ ሲደርሱ ሱሀይር፣ «ጋሼ፣ ጫማዎ!» አለቻቸው።

ቆሙ። ወደ እግራቸው አዩ። ሰው ፊት ልብሱ የተገለጠበት ሰው ይመስሉ ነበር። ወሰንየለሽ ጫማውን አንስታ አመጣችላቸውና ክንዳቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ተንበርክካ ራሷ አጠለቀችላቸው፤ እግራቸው ገብቶ እንደሆነ ግን ሁለቱም በዓይናቸው ማየት ነበረባቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻቸው።

«ሰባት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ጣቶቼን ነበር፤ አሁን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ አይሰማኝም። ባለፈው ዓመት ሚስማር ረግጬ ቀኑን ሙሉ ስሄድበት ዋልኩ። ደም ምንጣፉ ላይ ያየችው ልጄ ናት።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ስኳር ነው ብለው መረመሩኝ። ስኳር የለብኝም።»

«እኔ እጆቼን ነው።»

ዶክተሩ እጆቿን አዩ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋት ሲሠሩ አንድም ቀን አላዩአቸውም ነበር። «ያ በርሜል» አሉ።

«ይሆናል። ማን ያውቃል።»

«በሸበጥ ነበር የምንገባው። ሱሪያችን እስኪጨመቅ ድረስ ረጥቦ።»

 ውጭ ወዛደሮቹ ያልፋሉ። አንድ ሴት ገብታ የጎመን ዘር ገዝታ ወጣች። በመጨረሻ ዶክተሩ ወረቀቱን ከባንኮኒው ላይ ሰበሰቡና ሁለቱንም ወቅት አንድ ላይ አስተካክለው ፋይላቸው ውስጥ ከተቱ። «ፈርሚልኝ» አሉ። በእያንዳንዱ ገጽ ሥር ፈረመች፤ ሙሉ ስሟን በትልልቁ።

እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው። መሳለሚያ ላይ አስፋልቱ ተቆፍሯል። ክንዳቸውን ይዛ፣ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ አሁን ከፍ ያድርጉ» እያለች አሻገረቻቸው። ለረዳቱም የት እንደሚያወርዳቸው ነገረችው። ወደ ሱቁ ስትመለስ ሱሀይር ሥራ ፈትታ ትጠብቃታለች።

«ምን ተሰማዎት፣ እትዬ? እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።»

ወሰንየለሽ አሰበች። «ምንም» አለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ «ደክሞኛል» አለች።

መድኃኒቱ በዚያ ዓመት አልመጣም። መዝገቡ ይሁን የከለከለው፣ የውጭ ምንዛሪ መጥፋት ይሁን፣ የነገራት የለም። አስመጪው ዶክተሩን አሰናበታቸው። ቶላ ከክረምት በኋላ ደወለ፤ ሠላሳ የሚሆኑት ዛፎች አገግመዋል፣ ሌሎቹን ቆርጦ ሽንኩርት ተክሎበታል። «ተርቧን በዓይኔ አየኋት» አላት። «ጥሩ ነው» አለችው።

ዶክተሩም ደወሉላት። ከሥራው ስለመሰናበታቸው ነገሯትና፣ «መናደድ ነበረብኝ፣ ግን እንጃ፣ አልመጣልኝም» አሉ። የነርቭ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ አብራቸው ትታይ እንደሆነ ጠየቋት። ሐሙስ ዕለት አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አንድ በአንድ አስገብታ ዓይናቸውን አስጨፍና በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው። «ይሰማል?» «አይሰማም።» «አሁንስ?» «አይሰማም።» ስሜቱ የሚጀምርበት ላይ ስትደርስ በእስክርቢቶ መስመር አሰመረች፤ በወሰንየለሽ የእጅ አንጓዎች ላይ፣ በዶክተሩ ቅልጥም መሃል ላይ። የሞተው ነርቭ እንደማይመለስ ነገረቻቸው። እንዳይባባስ ግን ይሞከራል፤ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ውጭ ጠብቁ አለች።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወሰንየለሽ አንጓዋ ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር ስታይ ቆየች። ከዚያ አስር ዓመት ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«ዶክተር፣ ሁለተኛውን ወቅት ለምን ነበር የተዉት? ሰው ጠይቆዎት ነው? የሰጡዎት ነገር ነበር?»

«የለም፣ ማንም አልጠየቀኝም።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ሪፖርቱ አልቆ ነበር። ያንቺን ቁጥር ካስገባሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ደከመኝ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

አመነቻቸው። ሌላ ምክንያት ቢኖር ይሻላት እንደነበር ተሰማት፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ተሰማት።

«እኔም ዝም ያልኩት ደክሞኝ ነበር» አለች።

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ በር ከፍታ የወሰንየለሽን ስም ጠራች።